ለተበላሸ ዕቃ ስም ሳወጣ የኖርኩበት ዘመን

ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ሥራ አስኪያጃችን ብሩክ የመጨረሻውን ፋይል አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሞላ የሥራ ዘመኔ ያበቃል። ለጡረታ የሚያበቃ ዕድሜ ላይ አልደረስኩም፤ የተሰረዘው የሥራ መደቤ ነው። የጥቂት ወር ደመወዝና የምስጋና ደብዳቤ ተሰጥቶኛል፤ ስለ ሁለቱም የምጨምረው የለኝም።

ሥራዬ ጉዳት መርማሪነት ነበር። የመርካቶ ነጋዴ ከባሕር ማዶ ያስመጣው ዕቃ ተሰብሮ፣ ረጥቦ ወይም ዝጎ ሲደርስ ነጋዴው ከሲኒማ ራስ ዝቅ ብሎ ካለው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ወደሚገኘው ቢሯችን ይመጣል። መርማሪው መጋዘን ሄዶ ዕቃውን ያያል፤ ያየውን በእንግሊዝኛ ይጽፋል፤ ጽሑፉም ለሻጩና ለመድን ሰጪው ይላካል። ነጋዴው አብዛኛውን ጊዜ የተጻፈውን ማንበብ አይችልም። አሁን ይህን የሚሠራ የስልክ ፕሮግራም ተገኝቷል። ዕቃው ፎቶ ይነሣል፤ ሰው ወንበር ስቦ እስኪቀመጥ ድረስ ሪፖርቱ ተጽፎ ይወጣል። እንግሊዝኛው ጥሩ ነው። ይህን የምለው ቅር ሳይለኝ አይደለም።

ፋይሉ የእትዬ ዘይነባ ነበር። እትዬ ዘይነባ ከወሎ መጥተው አንዋር መስጊድ አጠገብ የመጋረጃ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ፣ ባላቸው ከሞተ ወዲህ ሱቁን ብቻቸውን የያዙ ሴት ናቸው። በዚህ ዓመት ከእህታቸው ጋር ሆነው ያላቸውን ሁሉ በአንድ ጭነት ላይ አውለው ነበር። ጭነቱ በመንገድ ላይ ውሃ ገባበት። ጥቅሎቹ ሲፈቱ ጨርቁ ላይ ግራጫ ነጠብጣብ ታየ። ፕሮግራሙ ፎቶዎቹን አይቶ ለጭነቱ በሙሉ አንድ ቃል ሰጠ፦ «ሞልዲ»፣ የሻገተ።

የቃሉ ትርጉም ጭነቱ ባረፈበት መጋዘን ውስጥ ግልጽ ነው። ሻጋታ ያለበት ዕቃ ከሌላው ሰው ዕቃ ጋር አይቀመጥም፤ ሪፖርቱ በወጣበት ቀን ተጭኖ ይቃጠላል። ሻጩ ደግሞ «ጨርቁ ደረቅ ሆኖ ወጥቷል፤ ሻጋታ በማስቀመጥ የሚመጣ ነው» ብሎ እጁን ይታጠባል።

«እትዬ ሰብለ፣ ይፈርሙበትና እንላከው» አለኝ ብሩክ። ትሑት ልጅ ነው፤ ከእኔ ጋር ሲነጋገር ሁልጊዜ ቆሞ ነው። «አለቆች ዛሬውኑ ይውጣ ብለዋል።»

«ጨርቁን ያሸተተው ማን ነው?» አልኩት።

ፈገግ አለ። «እትዬ ሰብለ፣ ስልክ አያሸትም እኮ።»

«ስለዚህ አልተመረመረም።»

እትዬ ዘይነባ በሩ ላይ ቆመው ኖሯል። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲሰሙ ቆይተው ገቡ። «እህቴ፣ ወላሂ አቧራና ውሃ ነው! በእጄ አሽቼ አይቸዋለሁ። አንዱን ጥግ በሳሙና ባጥበው ለቀቀ። ይኸን ልጅ ብለምነው ፎቶ ያሳየኛል። ፎቶውን ምን ላርገው? ፎቶ አልሸጥም!»

«እናቴ፣ እኔ አልጻፍኩትም» አለ ብሩክ።

«እና ማን ጻፈው? ጥራልኝ እሱን!»

ብሩክ ስልኩን ኪሱ ከተተ። እኔ እስከ ነገ ጠዋት ጊዜ እንዲሰጠኝ ጠየቅሁት። በዝቅተኛ ድምፅ፣ «ነገ እኮ እርስዎ የሉም» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም። እውነት ነው የተናገረው።

አለመፈረም ግን እችል ነበር። እኔ ካልፈረምኩ ፋይሉ ዛሬ አይወጣም፤ ነገ ደግሞ የእርሱ ፊርማ ብቻውን ይበቃል። በመጨረሻ፣ «እስከ ጠዋቱ ሁለት ሰዓት እጠብቅዎታለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን እልከዋለሁ» አለ። እኔም ቀሚሴ ላይ የመጋዘን ካፖርቴን ደርቤ፣ መቀሴንና ሦስት ባለክዳን ጠርሙሶቼን ይዤ ከእትዬ ዘይነባ ጋር ወረድኩ። ለምን ጠርሙስ እንደያዝኩ ለመግለጽ ወደ መጀመሪያው መመለስ ይኖርብኛል።

ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁት በእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ነው። ወደዚህ ቢሮ የገባሁት በጸሐፊነትና በአስተርጓሚነት ነበር፤ መምህርነት እስካገኝ ድረስ ብዬ። መርማሪው ጋሼ ተካልኝ ነበሩ። አሰብ ወደብ ላይ ለብዙ ዓመታት ጭነት ሲመረምሩ የቆዩ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከንፈራቸው ሳይንቀሳቀስ የሚቀልዱ ሰው። በመጀመሪያው ሳምንት ዱባይ ተራ ወደሚገኝ መጋዘን ይዘውኝ ሄዱ። ዕቃው የሸክላ ሳህን ነበር። ነጋዴው ግማሹ የደቀቀ ካርቶን እያሳየ፣ «ትንሽ ነካ አድርጎታል ጋሼ» ይላል። በመርካቶ ቋንቋ ዕቃ አይሰበርም፤ ነካ ያደርገዋል። መኪና የወጣበት ማቀዝቀዣም ነካ ያደረገው ነው።

እኔ በደብተሬ ላይ «ዳሜጅድ»፣ የተጎዳ፣ ብዬ ጻፍኩ። ጋሼ ተካልኝ በትከሻዬ አሻግረው አነበቡት።

«ይኼ ቃል ልጄ፣ ሰነፍ ሰው የሚደገፍበት ግድግዳ ነው። በመጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ።»

ዕቃ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በውሃ ብቻ ይታጠቡ ነበር። የራስ እጅ ወዝ በሰው ዕቃ ላይ አዲስ እድፍ እንዳይጨምር ነው። ከታጠብኩ በኋላ ሳህኖቹን አንድ በአንድ አስነሡኝ። ጠርዙ ትንሽ የተሸረፈው «ቺፕድ» ነው። ከላይ እስከ ታች ስንጥቅ ኖሮት ያልተለያየው «ክራክድ» ነው። የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጭን መስመር ያለበት ደግሞ «ክሬዝድ» ነው፤ ይህ የመጣው ከመንገዱ ሳይሆን ከምድጃው ነው፤ ሸክላውና ቅቡ ሲቀዘቅዙ እኩል አልተሰበሰቡም። ሦስቱም ሳህኖች በነጋዴው ቋንቋ ነካ ያደረጋቸው ነበሩ። በእንግሊዝኛው ግን የመጀመሪያው ጥፋት የጫኙ፣ ሁለተኛው ምናልባት የመርከቡ፣ ሦስተኛው የፋብሪካው ሆነ።

ጋሼ ተካልኝ ቃል ከመጻፋቸው በፊት ሦስት ነገር ይጠይቃሉ። ከውጭ መጣ ወይስ ከውስጥ? በአንድ ጊዜ ሆነ ወይስ ቀስ በቀስ? ይመለሳል ወይስ አይመለስም? እንግሊዝኛ ለእነዚህ ጥያቄዎች የተለያየ ቃል ያለው ቋንቋ መሆኑን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማንም አልነገረኝም ነበር። «ዳሜጅ» ያደረሰው ነገር ይኖረዋል። «ዲኬይ»፣ መበስበስ፣ ከራስ ውስጥ ይነሣል፤ ማንም አላደረሰውም። «ዌር» ደግሞ ከመጠቀም ብቻ የሚመጣ ነው፤ ወንጀለኛ የለውም፤ ሥራውን የሠራ ዕቃ የሚደርስበት ነው። «ዲፌክት» ከመጀመሪያውም ነበረ፤ ዕቃው የተወለደው ከእርሱ ጋር ነው። «ብሌሚሽ» ግን ዓይንን ብቻ ያስቀይማል እንጂ ዕቃውን ከሥራ አያግደውም። አንዱን በሌላው ቦታ መጻፍ ማለት ያልበደለን መክሰስ፣ የበደለን ነፃ ማውጣት ነው።

በአማርኛም ድሆች አለመሆናችንን ያስተዋልኩት ያን ጊዜ ነው። እህል ይነቅዛል፤ እንጀራ ይሻግታል፤ ብረት ይዝጋል፤ ቆርቆሮ ይሰረጉዳል፤ ጨርቅ መጀመሪያ ይወይባል፣ ቀጥሎ ይሳሳል፣ በመጨረሻ ይነትባል። ገበያው ነው እነዚህን ሁሉ «ነካ» ውስጥ የሚጨምቃቸው፤ ለመሸጥ እንዲመች። አንድ ቃል ላይ ግን ለረጅም ጊዜ ቆሜያለሁ። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ፖም ከወደቀ በኋላ ጠቁሮ ሲያገኘው «ብሩዝድ» ይለዋል፤ ለተመታ ሰው ገላ የሚለውን ቃል ነው። ጋሼ ተካልኝ አንድ ሣጥን ፍሬ ስንመረምር፣ «ለፍሬ የሚያዝኑ ሰዎች ናቸው» አሉኝና ቃሉን ለነጋዴው «በለዘ» ብዬ እንድተረጉምለት ጠየቁኝ። ነጋዴው ሰምቶ ሳቀ። «ጋሼ፣ ፖሙን ሐኪም ቤት እንውሰደው?»

ሌላው ልማዳቸው ሪፖርቱን ከመፈረማቸው በፊት ለባለዕቃው በአማርኛ ማንበብ ነበር። ቃል በቃል ያነቡለታል፤ ሰውዬውም የራሱን ዕቃ በቃሉ ውስጥ ካላወቀው እንደገና ይጽፋሉ። አለቆቻችን ይህን አይወዱም ነበር፤ ነጋዴ ይከራከራል፣ ጊዜ ይወስዳል። በሥራ ዘመኔ ሦስት አለቆች ተፈራርቀውብኛል። የመጀመሪያው ጋሼ ተካልኝን ይፈራቸው ነበር፤ ሁለተኛው እንዲቸኩሉ ይለምናቸው ነበር፤ ሦስተኛው ሲመጣ እርሳቸው አልነበሩም።

ጠርሙሱ ለጨርቅ፣ ለወረቀትና ለቆዳ ነው። ነጠብጣብ ያለበት ጨርቅ ሲገኝ ጋሼ ተካልኝ በዚያው ቀን አይጽፉም። ከየረድፉ ትንሽ ቆርጠው በብሩሽ ያራግፉታል፤ አየር ላይ ያቆዩታል፤ ከዚያ ንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ ከትተው ክዳኑን አጥብቀው ያሳድሩታል። ጠዋት ምንም ሳይቀምሱ ይከፍቱና ዓይናቸውን ጨፍነው ያሸታሉ። ከላይ የወደቀ እድፍ ከሆነ ጨርቁ የሚሸተው ጨርቅ ነው። ሕይወት ያለው ሻጋታ ከሆነ ግን በተዘጋው ጠርሙስ ውስጥ ሌሊቱን ሲተነፍስ ያድርና በመጀመሪያው አየር ፊት ላይ ይመታል። ዓይን ሁለቱን አይለይም። በሁለቱም ላይ የሚታየው ያው ግራጫ ነጥብ ነው።

በዚህ ምክንያት ሽቶ ከለከሉኝ። ሽታ ያለው ሳሙናም፣ ቅባትም። «አፍንጫሽ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው» ይሉኝ ነበር። ትእዛዙን ወጣት ሳለሁ ተቀበልኩት፤ ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነብኝ። በአንዋር በኩል ሳልፍ ሽቶ ሻጮቹ ያውቁኛል። «እትዬ እንከን መጣች! ዕቃችሁን ሸፍኑ!» ይላል አንዱ። «ትንሽ ልርጭልሽ፣ በነፃ!» ይላል ሌላው። ሦስተኛው ደግሞ፣ «ተዋት፣ እንከን ያላየችበት ወንድ ጠፍቶ ነው እንጂ ሽቶ ጠፍቶ አይደለም» ብሎ ሁሉንም ያስቃቸዋል። እኔም ፈገግ ብዬ አልፋለሁ። መልስ ሰጥቻቸው አላውቅም። አንድ ጊዜ መልስ ብሰጥ ምናልባት ወዳጆች እንሆን ነበር።

ነጋዴዎች ያከብሩኛል፤ ቤታቸው ግን አይጠሩኝም። አንዲት ሴት ለልጇ ሠርግ ጠርታኝ ሄጄ ነበር። ገና ከመቀመጤ የሳህኑን ጠርዝ በእጇ ሸፍና፣ «አትይብኝ፣ ትንሽ ተሸርፏል» አለችኝ። እኔ አላየሁትም ነበር። በምበላበት ጊዜ ሁሉ ዓይኗ ዓይኔ ላይ ነበር። ቶሎ ተነሥቼ ወጣሁ፤ ከወጣሁም በኋላ ቀለል እንዳላት ከደጅ ሆኜ በሳቋ አወቅሁ።

ለሁለት ዓመት ድሬዳዋ ተመድቤ ሠርቻለሁ። ሙቀት የሚያደርሰውን ያወቅሁት እዚያ ነው፤ ማጣበቂያ ይፈታል፣ ፕላስቲክ ይወለጋገዳል፣ ቀለም ይሸሻል። በሥራው ስም አትርፌ ተመለስኩ። ከተመለስኩ በኋላ የሆነውን ግን ከሁሉ በላይ አስታውሰዋለሁ።

አቶ ስንታየሁ የሚባሉ ከጎጃም የመጡ መስተዋት ነጋዴ ነበሩ። ያስመጡት መስተዋት ሲፈታ ጠርዙ ላይ ጥቁር ነጥብ ተገኘ። ነጥቡም በየቀኑ ወደ ውስጥ ይገባ ነበር። ቀኑን ሙሉ መረመርኩት። በጀርባው ያለው ብር እየተበላ ነው፤ ይህ ግልጽ ነው። የመርከቡ እርጥበት ነው የጀመረው ወይስ የፋብሪካው ቅብ ከመጀመሪያውም ደካማ ነበር? አድሬ አየሁት፤ በሁለተኛው ቀንም አየሁት። ሁለቱም ይቻላሉ። እኔ ደግሞ የማላውቀውን አልጽፍም። «ዲቲሪዮሬሽን» ብዬ ጻፍኩ፤ ቀስ በቀስ መበላሸት። «መንስኤው በምርመራ ሊለይ አልቻለም» የሚል ዐረፍተ ነገር ጨመርኩ። በአማርኛ አነበብኩላቸው።

አቶ ስንታየሁ ኮፍያቸውን አውልቀው ሰሙኝ። «እንግዲያ ጥፋቱ የማንም አይደለም?» አሉኝ።

«የማን እንደሆነ አላወቅሁም ነው የምለው።»

«እነርሱ ግን የሚያነቡት የማንም አይደለም ብለው ነው፣ አይደል?»

እንዳሉት ሆነ። ሻጩ በእኔ ዐረፍተ ነገር በኩል ወጣ፤ መድን ሰጪውም በዚያው በር ወጣ። ሱቁ በዓመቱ ተዘጋ። አሁንም ያን ሪፖርት እንደገና ጻፊ ብባል የምጽፈው ያንኑ ነው፤ ከዚያ የተሻለ እውነት አላውቅም። ይህ ግን አያጽናናኝም። አቶ ስንታየሁ ደላላ ሆነው ቀድሞ የእርሳቸው በነበረው ሱቅ ፊት ለፊት ይቆማሉ። ጠዋት ጠዋት ሳልፍ ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው፣ «እንደምን አደሩ፣ ወይዘሪት ሰብለ» ይሉኛል። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። መንገድ መቀየር አስቤ አውቃለሁ፤ አልቀየርኩም።

ለጋሼ ተካልኝ ነገርኳቸው። «ትክክል መሆን ለሰውዬው የሚበቃ አይደለም፤ ግን ሌላ የምንሰጠው የለንም» አሉኝ። ከዚያ በኋላ በነበረው ክረምት አንድ የቆዳ ጭነት አሳድረን ጠዋት ጠርሙሱን ከፈቱ። አሸተቱ። ደግመው አሸተቱ። ጠርሙሱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «ጉንፋን ይዞኛል መሰለኝ፤ አንቺ አሽቺልኝ።» ከክዳኑ መነሣት ጀምሮ ክፍሉን የሞላው ሽታ እኔን ከአንድ ክንድ ርቀት ያስለኝ ነበር። «ሻጋታ ነው» አልኳቸው። አቀረቀሩ። ጉንፋን አልነበረባቸውም።

በሚቀጥለው ሳምንት መልቀቂያቸውን አስገቡ። ዕቃቸውን ስናስር፣ «የእኔን ምን ብለሽ ትጽፊያለሽ?» ብለው ጠየቁኝ። «ዌር በይው» አሉኝ፣ ከንፈራቸው ሳይንቀሳቀስ። «ዳሜጅ ያልሽ እንደሆን መድን ሰጪው ይጨቀጭቀኛል።» ሳቅን። በሕይወቴ ከሰው ጋር አብሬ የሳቅሁበትን ጊዜ ሳስብ ያ ቀን ቀድሞ ይመጣብኛል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ዐረፉ። ሽታና ቃል የሚገናኙበትን ቦታ የሚያውቅ ሌላ ሰው በቢሮው አልነበረም፤ እኔም ለብቻዬ መመርመር ለመድኩ።

ወደ ሰኔ 30 ልመለስ። መጋዘኑ ስንደርስ ዝናብ ጀምሮ ነበር። አየሩ ራሱ እርጥብ ነው፤ ለዚህ ዓይነት ምርመራ የማይሆን ወቅት ነው። እትዬ ዘይነባ ጥቅሎቹን በትከሻቸው እየገፉ ከፈቱልኝ። ከላይኛው ረድፍ፣ ከመካከለኛውና ወለሉን ከነካው ከታችኛው አንዳንድ ቁራጭ ቆረጥኩ። በብሩሽ አራገፍኩ። በመስኮቱ በኩል ነፋስ በሚገባበት ቦታ እስኪመሽ ሰቀልኳቸው።

«አሁን ቁራጮቹ ምን ይሉሻል? በዓይንሽ እንኳ ምን ይመስልሻል?» አሉኝ እትዬ ዘይነባ።

«በዓይኔ ሦስቱም አንድ ናቸው።»

«እኔን ደስ እንዲለኝ አንድ ቃል በይኝ እስቲ።»

አልቻልኩም። ውስጤ የአቶ ስንታየሁን መስተዋት እያሰበ ነበር። ጠርሙሶቹ ነገ ጠዋት ሁለት ዓይነት መልስ ከሰጡኝ፣ እኔም እንደ ልማዴ «አልታወቀም» ብዬ ብጨርስ፣ ብሩክ የራሱን ወረቀት ይልካል፤ ሁሉም ይቃጠላል። እትዬ ዘይነባ መልስ እንደማልሰጣቸው ሲያዩ ከጥቅሎቹ በአንዱ ላይ ተቀመጡ። «የአባትሽን ስም ማን አልሽኝ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ዱዓ ላደርግልሽ ነው። አፍንጫሽን አላህ ይክፈተው!» አሉና ራሳቸውም ሳቁ። ቁራጮቹን ጠርሙስ ውስጥ ከትቼ ክዳኖቹን አጠበቅሁ፤ የመጋዘኑ ጠባቂ ቆለፈባቸው። አሥራ አንድ ሰዓት ያለፈው መቼ እንደሆነ አላስተዋልኩም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 1 ቀን ጠዋት ፊቴን በውሃ ብቻ ታጥቤ፣ ምንም ሳልቀምስ ሄድኩ። ብሩክ ቀድሞኝ ደርሷል። ጃንጥላው እየተንጠባጠበ ከእትዬ ዘይነባ ጎን ቆሟል።

የላይኛውን ረድፍ ጠርሙስ ከፈትኩና ዓይኔን ጨፈንኩ። የአዲስ ጨርቅ ሽታ፣ የአሚዶ፣ ትንሽ የብረት። ውሃው የኮንቴይነሩን ዝገትና አቧራ ይዞ ወርዶ ጨርቁን አድፎታል እንጂ አልሻገተም። መካከለኛውን ከፈትኩ፤ ያው ነው። የታችኛውን ክዳን ገና ግማሽ ሳዞረው ዝናብ የገባበት ምድር ቤት ሽታ ወጣ። እጄ ላይ ያለውን ጠርሙስ ወደ ብሩክ አቀረብኩለት። ጎንበስ ብሎ አሸተተና ፊቱን መለሰ። የመጀመሪያውን ሰጠሁት። ደጋግሞ አሸተተው፤ ከዚያ ወደ ሦስተኛው ራሱ ተመለሰ።

«አይገናኙም» አለ። «በፎቶው ላይ እኮ አንድ ናቸው፣ እትዬ ሰብለ።»

«አዎ፣ በፎቶው ላይ አንድ ናቸው።»

እትዬ ዘይነባ፣ «ለእኔም ስጡኝ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ከንጹሑ አልጀመሩም። የታችኛውን ወስደው አፍንጫቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ ያዙት። ከዚያ ክዳኑን ራሳቸው ገጠሙበት።

«ይኸስ የለም» አሉ። «ይኸን ለሰው ቤት አልሰቅልም። የሚተኙበት ክፍል ነው፤ ሕፃን አለ። ውሰዱት።»

ማንም አላስገደዳቸውም። የታችኛው ረድፍ ከሁሉ የከበደው፣ የተሻለው ጨርቃቸው የነበረበት ነው።

ብሩክ ሰዓቱን አይቶ የትናንቱን ሪፖርት ከስልኩ አጠፋውና ባዶ ገጽ ከፈተ። ለላይኛውና ለመካከለኛው ምን እንደሚጽፍ ጠየቀኝ። «ስቴይንድ» አልኩት፤ የሚመለስ እድፍ፣ ከውጭ በገባ ዝገት ያዘለ ውሃ። ለታችኛው የትናንቱ ቃል ይቁም፤ መንስኤውም ያው ውሃ መሆኑ ይጻፍ፤ ጨርቁ ከውስጥ የጀመረው እንዳይመስል። «አልታወቀም» የሚል ቃል አላስፈለገኝም። ጽፎ ሲጨርስ፣ ጠርሙሶቹን የመረመርኩት እኔ መሆኔን ከግርጌ ሊጨምር ጣቱን አነሣ።

ሻጩ ሪፖርቱን ለመጣል ሰበብ ይፈልጋል። ከትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ሠራተኛ ካልሆነ ሰው ስም የተሻለ ሰበብ አያገኝም። ይህን ነገርኩት።

በዚያው በጥቅሎቹ መካከል ቆመን ሦስት ነገር ተወሰነ። የታችኛው ረድፍ እንዲቃጠል፤ የቀረው ጨርቅ በዕለቱ ለእትዬ ዘይነባ እንዲለቀቅ፤ ሪፖርቱ በብሩክ ስም ብቻ እንዲወጣ። የመጨረሻውን ሐሳብ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። የተቃወመ አልነበረም።